ምዕራፍ ሰባት፦ በረግረግ ላይ የተነጠፈ እንጨት

በማንዝ ካለችው ከመሐል ሜዳ ከተማ ተነሥቶ ወደ ጓሳ አምባ የሚወጣ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያየው ሣሩን ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው በዚህ አምባ ላይ ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣር ጉብ ጉብ ብሎ በቅሏል፤ ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል፤ ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ተረተሩን አልብሶታል። ምድሩ ወደ ሸለቆው ወለል ሲያዘቀዝቅ ግን መልኩ ይለወጣል። የጓሳው ጉብታ እየሳሳ ይሄድና የቄጠማ ዘመድ የሆኑ አጫጭር ዕፅዋት ቦታውን ይይዛሉ። መሬቱ ሲረግጡት ይሰረጉዳል፤ እግር ሲነሣ የጫማው ቅርጽ ቀስ እያለ ውሃ ይሞላል። መንገድ የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲደርስ ቀጥ ብሎ አያቋርጥም። ዳር ዳሩን ይዞ፣ ድንጋይና ጉብታ እየመረጠ ይዞራል።

ይህ ምዕራፍ ስለ እንዲህ ያለ ምድር ነው፤ በተለይም ስለ አንድ ጠባዩ። ረግረግ የገባበትን እንጨት፣ ቅጠል፣ ገመድና የአበባ ብናኝ ሳያበሰብስ ለሺህ ዓመታት ማቆየት ይችላል። ጓሳን መነሻ ያደረግሁት እዚያ ጥንታዊ የእንጨት መንገድ ተቆፍሮ ስለወጣ አይደለም። እነዚያ መንገዶች በብዛት የተገኙት በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ነው፤ ወደ እነሱም እንሄዳለን። ጓሳን የመረጥሁት በማንዝና በግሼ ምድር ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ስለሚገኙ ነው። አንደኛው ከሺህ ዓመት በፊት ኖሮ መቃብሩን ብቻ የተወልን ሕዝብ ነው። ሁለተኛው ወደ 400 ዓመት በሕዝብ ሕግ ሲጠበቅ የኖረ እርጥብ ምድር ነው። የመጀመሪያው ያላስቀረልንን ሁለተኛው ሊያስቀርልን ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህ ምዕራፍ መጻፍም ምክንያቱ ይኸው ነው።

መቃብር የሚሰጠውና የሚነሣው

የሻይ ወንዝ በዚህ አገር ይፈስሳል። በስሙም የሚጠራ ባህል አለ። ፍራንሷ ግዛቪየ ፎቬልና ቤርትራን ፗሶኒየ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በአካባቢው ያሉትን ትላልቅ የድንጋይና የአፈር ክምሮች ቆፍረው ሲያጠኑ፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን የኖረ አንድ ሕዝብ መቃብሮች ሆነው አገኟቸው። ሕዝቡ ክርስቲያንም ሙስሊምም አልነበረም። ሙታኑን ከሸክላ ዕቃና ከጌጥ ጋር ይቀብር ነበር፤ ከጌጦቹም መካከል በሩቅ ንግድ የመጡ የብርጭቆ ጨሌዎች ነበሩ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ አወጡት። ከዚያ ወዲህ የሸዋን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕል ብቻ መጻፍ አይቻልም።

አሁን ከእነዚያ መቃብሮች የወጣውን አንድ በአንድ እናስበው፦ ሸክላ፣ ብርጭቆ፣ ብረት፣ አጥንት። ሁሉም የማይበሰብስ ወይም ቶሎ የማይበሰብስ ነው። ቀጥሎ በማንዝ አንድ የገበሬ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ እናስብ። ጣሪያው በጓሳ የተከደነ ነው። ዝናብ ሲመጣ የሚደረበው ገሳ ሣር ነው። ብርዱን የሚመክተው ባና የበግ ጠጉር ነው። መጫኛው የጓሳ ገመድ፣ መኝታው ቆርበት፣ እርሻው ሞፈርና ቀንበር፣ ስንቁ አገልግል ነው። ከዚህ ሁሉ መሬት ውስጥ ገብቶ ሺህ ዓመት የሚቆየው የማረሻው ብረትና የእንስራው ስባሪ ብቻ ነው። ማንዝ በእንጨት፣ በሣር፣ በቆዳና በጠጉር የኖረ አገር ነው፤ አርኪዮሎጂ ደግሞ በደረቅ መሬት ላይ እነዚህን አራቱንም አያገኝም። ስለዚህ የሻይ ሰዎች ስንት ጨሌ እንዳሰሩ መቁጠር እንችላለን፤ ምን እንደለበሱ፣ ጭነታቸውን በምን እንዳሰሩ፣ ጭቃውን በምን እንደተሻገሩ ግን ክምሮቹ አይነግሩንም።

ይህ የሸዋ ችግር ብቻ አይደለም። በመላው ዓለም የድንጋይ ዘመን ብለን የምንጠራው ዘመን ከድንጋይ ይልቅ የእንጨት ዘመን ሳይሆን አይቀርም። ስሙን ለድንጋይ የሰጠነው ድንጋዩ ስለቀረ ነው።

የስዊት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1970 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሶመርሴት ሌቭልስ በሚባለው ዝቅተኛ ረግረጋማ ምድር፣ ሬይ ስዊት የተባለ ሠራተኛ የውሃ ቦይ ይጠርግ ነበር። በዚያ አገር ፒት የሚሉት ጥቁር አፈር አለ፤ ረግረግ ውስጥ የሞቱ ዕፅዋት ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብሱ ተጠቅጥቀው የሚፈጥሩት ነው፤ ተቆፍሮ ለማገዶና ለአትክልት ይሸጣል። ስዊትም ይሠራ የነበረው ፒት ለሚቆፍር ድርጅት ነው። አካፋው ከአንድ ጠንካራ ጣውላ ጋር ተጋጨ። ያየው ነገር እዚያ መገኘት የሌለበት መሆኑን ስለተረዳ ለአለቆቹ አሳወቀ። ወሬው በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ለነበረው አርኪዮሎጂስት ለጆን ኮልስ ደረሰ። ቁፋሮው ሲካሄድ ጣውላው የአንድ መንገድ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ። ርዝመቱ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በአንድ ወገን ካለው ከፍ ያለ ደረቅ መሬት ተነሥቶ ረግረጉን በማቋረጥ መሐል ላይ እንደ ደሴት ብቅ ወዳለ ምድር የሚያደርስ መንገድ ነበር። በአግኚውም ስም የስዊት መንገድ ተባለ።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሠሪዎቹ በቅድሚያ ረጃጅም እንጨቶች በሚሄዱበት አቅጣጫ ረግረጉ ላይ አጋደሙ። ቀጥለው ከግራና ከቀኝ የሾሉ ካስማዎች ሰያፍ አድርገው እየሰኩ፣ ካስማዎቹ ከተጋደመው እንጨት በላይ እንዲመሳቀሉ አደረጉ። በመስቀሎቹ ላይኛ ማዕዘን ላይ ከኦክ ዛፍ የተፈለጠ ጣውላ አኖሩ። ጣውላው እንዳይንሸራተት ጫፉን በስተው ቀጭን ችንካር አሳለፉበትና ወደ ጭቃው ቸነከሩት። ብረት አያውቁም ነበር፤ ዛፍ የቆረጡት በድንጋይ መጥረቢያ፣ ግንድ የፈለጡት በእንጨት ሽብልቅ ነው። የጣውላው ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድበትም፤ ከፊት ለፊት የሚመጣ ካለ አንዱ ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ ነበረበት። የተለያየ እንጨት ለተለያየ አገልግሎት መርጠዋል፦ ለመርገጫ ኦክ፣ ለካስማ ደግሞ ቀጠን ብለው ቀጥ ያሉ ሌሎች ዛፎች።

መቼ ተሠራ? እዚህ ላይ እንጨት ከድንጋይ የሚበልጥበትን ነገር እናያለን። በአውሮፓ ክረምትና በጋው በግልጽ ስለሚፈራረቅ ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ያበጃል። ምቹ ዓመት ሰፊ ቀለበት፣ ክፉ ዓመት ጠባብ ቀለበት ይተዋል። የቀለበቶቹ ቅደም ተከተል በአንድ አካባቢ ባሉ ዛፎች ሁሉ ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ከዛሬ ዛፍ ወደ አሮጌ ቤት ምሰሶ፣ ከምሰሶው በረግረግ ወደተቀበረ ግንድ እየተሸጋገሩ ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል። በዚህ ቆጠራ የስዊት መንገድ ጣውላዎች የተቆረጡት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3807 የቅዝቃዜው ወራት እና በ3806 የጸደይ ወራት መካከል መሆኑ ታወቀ። ስሙን፣ ቋንቋውንም ሆነ እምነቱን የማናውቀው ሕዝብ፣ ወደ 5,800 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ፣ መጥረቢያውን ያነሣበትን ወቅት እናውቃለን! በሰው ልጅ የጥንት ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ትክክለኛነት እጅግ ብርቅ ነው።

ጣውላዎቹ ሌላም ነገር ተናግረዋል። በመንገዱ ደቡባዊ ወገን ያሉት እስከ 400 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ግዙፍ ዛፎች የተፈለጡ ናቸው፤ በሰሜኑ ወገን ያሉት ከወጣት ዛፎች ናቸው። እንግዲህ በአንዱ ወገን ያልተነካ ጥንታዊ ደን፣ በሌላው ወገን አንድ ጊዜ ተመንጥሮ እንደገና የበቀለ ደን ነበር ማለት ነው። የደኑን ሁኔታ የመሰከረው መርገጫው ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝም የተጓዦች ዕቃ ተገኝቷል፦ ለውዝ መሰል ፍሬ የያዘ የሸክላ ዕቃ፣ የቀስት ጫፎች፣ ለልጅ መጫወቻ ሊሆን የሚችል የእንጨት መጥረቢያ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ከአልፕስ ተራሮች የመጣ፣ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ፣ ሥራ ያልተሠራበት የጄድ ድንጋይ መጥረቢያ ነው።

መንገዱ ያገለገለው ለአሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው። ውሃው ከፍ አለ፤ ቄጠማውና ሸምበቆው ሸፈነው፤ ፒቱ በላዩ ተከመረ። ሠሪዎቹ ምናልባት ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ቀረ ብለው አዝነው ይሆናል። ለእኛ የደረሰው ግን ስለሰጠመ ነው።

አየር የሌለበት ቤት

እንጨትን የሚያበሰብሱት በዋናነት ሻጋታዎች፣ ተሕዋስያንና ነፍሳት ናቸው፤ አብዛኞቹም ለመኖር ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ኦክስጅን በማይንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው በ10,000 እጥፍ ገደማ ቀስ ብሎ ነው። ረግረግ ውስጥ ከላይ ያለው ጥቂት ጣት የሚሆን ንብርብር ያገኘውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በታች ምንም አይደርስም። አፉ በጭቃ ከተመረገ የጠላ ጋን ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ መረጉን የሚሠራው ውሃው ራሱ መሆኑ ነው። አሲዳማነት ሲጨመርበት ብስባሴው ይብሱን ይዘገያል፤ በሰሜን አውሮፓ ረግረጎች ስፋግነም የሚባል ለስላሳ ዕፅ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል። በእኛ ደጋ ደግሞ ዋናው አጋዥ ብርዱ ነው። በጓሳ የበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ቅዝቃዜው የተሕዋስያንን ሥራ ያቀዘቅዛል። የሞተው ቄጠማ ከሚበሰብስበት ፍጥነት አዲሱ የሚበቅልበት ፍጥነት ሲበልጥ ትርፉ ይከማቻል። ክምችቱ አዝጋሚ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ። አንድ ሜትር የረግረግ አፈር የሺህ ዓመት ወይም ከዚያ የበለጠ ዘመን ክምችት ነው ማለት ነው።

ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን ውሃው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በረግረግ ውስጥ ሺህ ዓመታት የኖረ እንጨት ቅርጹ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ተቦርቡሮ ባዶ የሆኑት ሕዋሳት ውሃ ሞልቷቸው ነው የቆሙት። አውጥተው ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጡት ውሃው ሲወጣ ሕዋሳቱ ይኮማተራሉ፤ ጣውላው ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ በቀናት ውስጥ ከማገዶ ስባሪ የማይለይ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያዎች እንጨቱን በውሃ ውስጥ እንዳለ ይወስዱትና ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ሰም መሰል ኬሚካል ቀስ በቀስ በውሃው ቦታ እንዲተካ ያደርጋሉ። ሥራው ወራት፣ ለትላልቅ እንጨት ዓመታት ይወስዳል። ከስዊት መንገድ አብዛኛውን ክፍል ባለበት መተው የተመረጠውም ለዚህ ነው። በአንድ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ውሃ በፓምፕ እየተሰጠው ምድሩ እንዳይደርቅ ይጠበቃል። መንገዱን ለማዳን ረግረጉን ማዳን ግድ ሆነ።

በአየርላንድ ኮርሊ በሚባል ሥፍራ የተገኘው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ148 ዓመት በተቆረጡ የኦክ ዛፎች የተሠራ፣ ጋሪ ሊያሳልፍ የሚችል ሰፊና ከባድ ነው። ባሪ ራፍተሪ የተባለው አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ቆፍሮ አጥንቶታል። በጣውላዎቹ ላይ የመገልገል ምልክት አልታየም፤ ክብደቱ ራሱ በአሥር ዓመት ውስጥ አሰጥሞታል። ዛሬ 18 ሜትር የሚሆነው ክፍል በሥፍራው በተሠራ ቤት ውስጥ ለሕዝብ ይታያል።

ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ስንመለስ ዘመኑ በአንድ ጊዜ ይጠልቃል። በዛምቢያና በታንዛኒያ ወሰን ላይ፣ ከካላምቦ ፏፏቴ በላይ ባለው የወንዝ ዳር፣ ዴዝሞንድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥንታዊ እንጨቶች አግኝቶ ነበር፤ ዕድሜያቸውን በትክክል የሚለካ ዘዴ ግን በዚያን ጊዜ አልነበረም። ላሪ ባርሃም የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ተመልሶ ሲቆፍር፣ አንዱ በሌላው ላይ የተጋደሙ ሁለት ግንዶች አገኘ። የላይኛው ግንድ ከታችኛው ጋር እንዲገጥም ሆን ተብሎ ተቦርቡሯል፤ የመሣሪያው ምልክትም ይታያል። በዙሪያው ያለው አሸዋ ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ያየበት ዘመን ሲለካ ቢያንስ 476,000 ዓመት ሆነ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። ተመራማሪዎቹ እንጨቶቹ በእርጥብ መሬት ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ መረማመጃ፣ መደብ ወይም የመጠለያ መሠረት ሊሆኑ እንደሚችሉ ጽፈዋል። በኢትዮጵያ ከኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የዘመናዊ ሰው አጽም ወደ 230,000 ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ እንጨት ገጥሞ ከጭቃ በላይ የመቆም ጥበብ እኛ ሰዎች ከመፈጠራችን በፊት በዚህ አህጉር ላይ ነበረ፤ ለመታወቅ የበቃውም የካላምቦ አሸዋ ዘወትር በውሃ ስለራሰ ነው።

የእኛ እርጥብ መዝገብ

በአማራ ክልል ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ሥራ ላስታ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዛጉዌ ዘመን በትልቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸው ይህ ሕንፃ ግድግዳው ነጭ የተለሰነ ድንጋይና ጠቆር ያለ የእንጨት ሰረገላ እየተፈራረቁ የተገነባ ነው፤ አሠራሩ ከአክሱም የወረደ ነው። ከዋሻው ወለል በታች ውሃ እንዳለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በረግረጉ ላይ በተነጠፈ የወይራ ረብራብ እንዳረፈ በሥፍራው ይነገራል። ላስታዎች ይህን ለተአምር ይቆጥሩታል። ለግንባታ ባለሙያም ቢሆን ክብር የሚያሰጥ ሥራ ነው፦ ክብደቱን በሰፊው የሚያከፋፍል የእንጨት ወለል ለስላሳ መሬት ላይ ድንጋይ ያቆማል፤ የስዊት መንገድ ሠሪዎችም በሌላ መንገድ የፈቱት ያንኑ ችግር ነው። ሕንፃው ለምእመኑ የጸሎት ቤት ነውና ከሥሩ ቆፍሩ የሚል ሰው የለም፤ መኖርም የለበትም።

ዛፍ ቀለበት ቆጥሮ ዘመን ማግኘት በእኛ አገርም እየተሞከረ ነው። ዋናው ተስፋ የተጣለበት ዛፍ ጽድ ነው። ችግሩ ዝናባችን ነው፤ በልግና ክረምት ሁለት ጊዜ በሚዘንብበት አካባቢ ጽድ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊያበጅ ይችላል፤ ቆጣሪውም ሊሳሳት ይችላል። ክረምት ብቻ በሚዘንብበት አካባቢ ግን ሥራው የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ከእንጨት ይልቅ በኢትዮጵያ ደጋ ብዙ የተነበበው የአበባ ብናኝ ነው። ብናኝ በዓይን አይታይም፤ የውጭ ሽፋኑ ግን ከተፈጥሮ ጠንካራ ነገሮች አንዱ ነው፤ አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ይቆያል። የኮሶ ብናኝ ከዝግባ፣ የዝግባው ከሣር በቅርጹ ይለያል። በባሌ ተራሮች ጋርባ ጉራቻ ከሚባለው ሐይቅ ወለል የወጣው ጭቃ ከ16,000 ዓመት በላይ የዕፅዋት ታሪክ ይዟል፤ ይህን ካነበቡት መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ይገኝበታል። እሱና ባልደረቦቹ በጓሳ ጎረቤት በደቡብ ወሎ የሐይቅንና የሐርዲቦን ሐይቆች ጭቃ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ጽሑፍ ስለ ደን ያለንን አስተሳሰብ ሊለውጥ የሚገባ ነው። በዚያ አካባቢ የዝግባና የጽድ ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሉት መቶ ዘመናት ነው። ቁጥቋጦና ሣር ለረጅም ዘመን ቦታውን ያዘ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ የጽድ ደን ወይራ እየተቀላቀለበት ተመለሰ። ድሮ አገሩ በሙሉ ደን ነበረ፤ በአያቶቻችን ዘመን አለቀ የሚለው የተለመደ ትረካ ከጭቃው ምስክርነት ጋር አይገጥምም። ደን ሄዷል፤ ተመልሷል፤ እንደገና ሄዷል።

የደጋው ሰው ታሪክም ከምንገምተው ይርቃል። በባሌ ፍንጫ ሀበራ በሚባል የዓለት መጠለያ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ኖረዋል፤ ፍልፈል እየጠበሱ በልተዋል፤ ከባልጩት መሣሪያ ሠርተዋል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ፍንጫ ሀበራ ከጓሳ አምባ ጋር በከፍታ እኩል ነው።

አሁን ወደ ጓሳ እንመለስ። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ አምባ ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ የሚወርዱ ወንዞች መነሻ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ስሙን ለዓለም አስተዋውቀውለታል። ለዚህ ምዕራፍ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ቀሮ የሚባለው የአምባው የጥበቃ ሥርዓት ነው። በማንዝ ትውፊት የአገሩ አቅኚ አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው፤ የእነሱ ተወላጆች ጓሳን በጋራ ይይዙት ነበር። ለአስቦና ለጌራ ወገን አንዳንድ አባ ቀራ ተመርጦ አምባውን ያስጠብቅ ነበር። ሣሩ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። የደረሰ እንደሆነ የመክፈቻው ቀን በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይነገር ነበር። በደረቁ የበጋ ወራት መጀመሪያ ሣሩ ይታጨድ፣ ቀጥሎም ከብት ይገባ ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ 5 የሐዋርያት በዓል፣ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። ኢትዮጵያዊው የዱር እንስሳት ተመራማሪ ዘለዓለም ተፈራ ይህን ሥርዓት በስፋት አጥንቶ ጽፎበታል።

ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከመጣው የመሬት አዋጅ ጋር ፈረሰ፤ መሬቱ የመንግሥት ሲሆን የአቅኚ ወገን መብት ቀረ፣ አባ ቀራም ሥልጣን አጣ። ሕዝቡ ግን ጨርሶ አልተወውም። ከየቀበሌው በተመረጡ ሰዎች ኮሚቴ አቋቁሞ መጠበቁን ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በደንብ አጸደቀ።

የቀሮ ሕግ የወጣው ለሣሩ ነው። ስለ ጭቃው የተናገረው ነገር የለም። ነገር ግን ሣሩን ለማዳን ሲባል አምባው በአብዛኛው ሳይታረስ ቆየ፤ የሸለቆው ወለል ቦይ ሳይቀደድለት፣ ባሕር ዛፍ ሳይተከልበት ቀረ። የማንዝ አባቶች ለጣሪያ፣ ለገመድና ለክፉ ቀን መኖ ብለው የጠበቁት ምድር፣ የራሳቸውን ዘመንና ከእነሱ በፊት የነበረውን ዘመን አብሮ ጠብቋል። ይህን ያህል ትልቅ ውለታ ለአገር ታሪክ ሲውሉ ማንም ልብ አላለላቸውም።

በሌላ ቦታ የሆነውን እናውቃለን። በኢሉባቦር ብዙ ረግረግ ቦይ ወጥቶለት የበቆሎ ማሳ ሆኗል። ሐሮማያ ሐይቅ ውሃው ተስቦ አልቆ ወለሉ ታይቶ ነበር። ገበሬው የሚበላው ያጣ እንደሆነ እርጥብ መሬት ለምለም ነውና ማረሱ አያስወቅሰውም። የጠፋው ነገር ግን ከውሃው በላይ ነው። አየር የገባበት የረግረግ አፈር በጥቂት ዓመታት ይሟሽሻል፣ ይሰነጠቃል፣ ይቃጠላል፤ በውስጡ የነበረው ብናኝ፣ ዘርና እንጨት አብሮ ይሄዳል።

ከጓሳ ረግረግ ጭቃ ማንበብ ታላቅ ቁፋሮ አይጠይቅም። ሁለት ሦስት ሰዎች ባዶ የብረት ቱቦ በእጃቸው እየተጫኑ ወደ ታች ይሰዱና፣ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የጭቃ ዓምድ ሳይበጣጠስ ያወጣሉ። ዓምዱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እርጥብና ቀዝቃዛ እንደሆነ ቤተ ሙከራ ይደርሳል። ከዚያ የሚጠየቀው ጥያቄ ብዙ ነው። የጓሳ አምባ ሁልጊዜ የሣር ምድር ነበር ወይስ ውጨና የሚባለው ዛፍ ሸፍኖት የኖረበት ዘመን አለ? የሻይ ሰዎች ክምራቸውን ሲከምሩ የገብስ ማሳ እስከ የት ደርሶ ነበር? በእንስሳት ፋንድያ ላይ ብቻ የሚበቅል ሻጋታ አለ፤ ፍሬው ረግረግ ውስጥ ከብናኙ እኩል ይቆያል። ብዙ ከብት ሲሰማራ ይበዛል፤ ምድሩ ሲዘጋ ይቀንሳል። ቀሮ ሲጀመርና በ1967 ሲፈርስ በዚያ ጭቃ ውስጥ የፋንድያው ሻጋታ ቁጥር መለዋወጥ ይኖርበታል። በቃል ብቻ ሲነገር የኖረ የሕዝብ ሕግ በሚሊ ሜትር ሊለካ ይችላል ማለት ነው።

እንጨት ቢገኝስ? ሊያገኘው የሚችለው አርኪዮሎጂስት ሳይሆን ምንጭ የሚያጎለብት ገበሬ፣ መንገድ የሚቆርጥ ሠራተኛ ወይም ከብት ከማጥ የሚያወጣ እረኛ ነው፤ በሶመርሴትም ያገኘው ቦይ ጠራጊ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በሥራ ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ለረግረግ እንጨት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ጠርብ ያለበት፣ ተበስቶ ችንካር የገባበት፣ ወይም ብዙ ሆኖ በአንድ አቅጣጫ የተደረደረ እንጨት ከጥቁር ጭቃ ውስጥ ብቅ ካለ፣ መጎተትና ማጠብ አይገባም፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትማ ማጥፋት ነው። የሚገባው የወጣውን ጭቃ መልሶ ማልበስ፣ ላዩን በእርጥብ ሣር መሸፈን፣ ቦታውን በድንጋይ ምልክት አድርጎ ለጓሳ ኮሚቴና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገር ነው።